ከኪኒኑ ጋር የሚዋጠው

ሽሮ ሜዳ ላይ መድኃኒት ቤት የከፈተ ሰው እንጀራው የወገብ ሕመም ነው። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ሲሸምኑ የሚውሉ ሸማኔዎች፣ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ በር ላይ ቆመው የሚውሉ የሀገር ልብስ ነጋዴዎች፣ ሁሉም በየሰዓታቸው እኔ ዘንድ ብቅ ይላሉ። «ወገቤን ቆረጠኝ»፣ «ትከሻዬን ይጠዘጥዘኛል»፣ «ራሴን ፈለጠኝ» ይሉኛል። ሁሉም የሚፈልጉት ማስታገሻ ነው፤ ስለ ማስታገሻው ያላቸው እምነት ግን ለየቅል ነው።

አንዱ ገና እግሩ ሳይገባ «የጀርመኑ አለ?» ይላል። አንዷ የሀገር ውስጡን ፓራሲታሞል አገላብጣ ታይና ዋጋውን ስትሰማ ፊቷ ይቀዘቅዛል፤ «በዚህ ዋጋ ምን ሊሠራልኝ ነው?» ሌላው ደግሞ የኪኒን ወሬ መስማት አይፈልግም። «አንቺ ልጅ፣ በኪኒን አታድክሚኝ፤ መርፌውን ስጪኝና ክሊኒክ ሄጄ እወጋዋለሁ» ይለኛል። የሚፈልገው ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ በመርፌ ቢሰጥም በኪኒን ቢዋጥም ያው ዳይክሎፌናክ ነው። መርፌው ፈጠን ብሎ ደም ውስጥ ይገባል እንጂ ሥራው አይለወጥም። ይህን ሳስረዳ ሰውዬው በጥሞና ያዳምጠኛል፤ ስጨርስ «ገባኝ፤ በይ መርፌውን ስጪኝ» ይላል።

አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ደንበኛ አሉኝ። ራስ ምታት ሲነሳባቸው እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆመው ሁለት ፓራሲታሞል በውኃ ይውጣሉ። አግዳሚ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ስለ ድርና ማግ ዋጋ ያጫውቱኛል፤ ጨዋታው ሳያልቅ «እሰይ፣ ለቀቀኝ» ብለው ይነሳሉ። የተዋጠ ፓራሲታሞል ሟሙቶ፣ ከአንጀት ወደ ደም አልፎ ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እሳቸው ግን ከዚያ በፊት ተሽሏቸዋል። አልዋሹም፤ ግንባራቸው ላይ የነበረው ጭምድዳት ሲፈታ በዓይኔ አያለሁ። ታዲያ መድኃኒቱ ገና ሆድ ውስጥ ሳለ ሕመሙን ያቀለለው ምንድን ነው?

ሳይንሱ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ አለው። መልሱም የሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን መድኃኒት የምንሰጠውን የሁላችንንም ነገር ይመለከታል።

የእንጨቱ ዘንግ

ፕላሴቦ የሚባለው መልኩ የመድኃኒት ሆኖ ውስጡ ግን በሽታውን የሚነካ ንጥረ ነገር የሌለበት ነገር ነው። የስኳር ኪኒን፣ የጨው ውኃ መርፌ፣ እንዲያው ለይምሰል የሚደረግ ሕክምና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሕመምን ማቅለሉ ደግሞ የታወቀው ዛሬ አይደለም። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1790ዎቹ ኤልሻ ፐርኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሁለት አጫጭር የብረት ዘንጎች ሠርቶ፣ የሚያመው ቦታ ላይ ሲጎተቱ ሕመሙን ይነቅላሉ ብሎ የፈጠራ መብት አወጣባቸው። ዘንጎቹ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ ገቡ፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዛቸው። በ1799 ባዝ በምትባለው ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ጆን ሄይጋርት ተመሳሳይ ዘንጎች ከእንጨት አስጠርቦ ብረት እንዲመስሉ ቀለም አስቀባቸው። ሥር የሰደደ ቁርጥማት ያለባቸው አምስት ሕሙማን ላይ ሲሞክራቸው አራቱ ሕመማችን ቀነሰ አሉ። በማግስቱ እውነተኛው ብረት ተሞከረ፤ ውጤቱ ከእንጨቱ አልተለየም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ የሰመመን ሐኪም በክፉ ሁኔታ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቆ በ1946 ያየውን ጻፈ። ሞርፊን ከተሰጣቸው ሰዓታት ያለፋቸው ወይም ጨርሶ ያልተሰጣቸው ቢሆኑም፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ ማስታገሻ የሚያስፈልግ ሕመም የለብንም ብለው ነበር። ለሲቪሉ ሰው እንዲህ ያለ ቁስል መከራ ነው። ለወታደሩ ግን ከእሳቱ ወጥቶ በሕይወት ወደ አገሩ መመለሻው ነው። ቢቸር ከዚህ ያወጣው ትምህርት የሕመም መጠን በቁስሉ ስፋት ብቻ አይለካም፣ ሰውዬው ለቁስሉ የሚሰጠው ትርጉምም አለበት የሚል ነው። በ1955 ደግሞ 15 ጥናቶችን አሰባስቦ ከ1,082 ሕሙማን 35 በመቶ ያህሉ በፕላሴቦ እፎይታ አግኝተዋል ሲል ጻፈ። ይህ ቁጥር ከልክ በላይ ታምኖበት ኖሯል፤ ወደ ጉድለቱ ኋላ እመለሳለሁ።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላ

«እንግዲያው ሕመሙ ሐሰት ነበር ማለት ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ዘመድ የታመመበት ሰው «አስመስላ ነው፤ ባዶ ኪኒን ሰጥተዋት ተሻላት» ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። ይህን አባባል ያፈረሰው በ1978 በሳን ፍራንሲስኮ የተሠራ አንድ ጥናት ነው።

ጆን ሌቪን፣ ኒውተን ጎርደንና ሀዋርድ ፊልድስ የመጨረሻ መንጋጋቸውን ያስነቀሉ ሰዎችን አጠኑ። ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ ይመጣል። ፕላሴቦ ሲሰጣቸው ከፊሎቹ ቀለል አላቸው። ቀጥሎ ናሎክሶን ተሰጣቸው። ናሎክሶን ሞርፊንና የሞርፊን ዘመዶች አንጎል ውስጥ የሚቀመጡበትን ቦታ የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ ሞርፊን በዝቶበት ትንፋሹ ያጠረ ሰው የሚተርፈው በእሱ ነው። በፕላሴቦ ቀለል ብሏቸው የነበሩት ሰዎች ናሎክሶን ሲገባባቸው ሕመማቸው ተመለሰ።

ሰዎቹ ሞርፊን አልወሰዱም። ናሎክሶን የሚዘጋው ነገር አግኝቶ ከሆነ፣ ያ ነገር የመጣው ከራሳቸው ገላ ነው። አካላችን ኢንዶርፊን የሚባሉ ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮችን ራሱ ያመነጫል፤ «መድኃኒት አገኘሁ» የሚለው እምነት እነሱን አስነስቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የአንጎል ምስል የሚያነሱ መሣሪያዎች መጡ። በ2004 ቶር ዌገርና ባልደረቦቹ «ማስታገሻ ነው» ተብሎ የተቀባ ተራ ቅባት ሕመም ሲሰማን የሚነቁ የአንጎል ክፍሎችን ሥራ እንደሚቀንስ አሳዩ። በ2009 ደግሞ ሀምቡርግ ላይ ፋልክ አይፐርትና ባልደረቦቹ ወረድ ብለው ህብለ ሰረሰርን ተመለከቱ። የሕመሙ መልእክት ወደ አንጎል ከመውጣቱ በፊት እዚያው ጀርባ ውስጥ ሳለ ደከም ብሎ አገኙት። እንግዲህ እምነት የሚሠራው ሰውዬው ስለ ሕመሙ በሚናገረው ላይ ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ የሚያልፍበት መንገድ ድረስ ይወርዳል።

«አሁን ተሰጠዎት»

ከሥነ ልቦናው በኩል የመጀመሪያው ጉዳይ መጠበቅ ነው፤ «ሊሻለኝ ነው» ብሎ መጠበቅ። ጣሊያን ቱሪን ከተማ የሚሠሩት ፋብሪትዚዮ ቤኔዴቲ ይህን ለመለካት ቀላልና ብልህ ዘዴ ተጠቀሙ። ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ማስታገሻ በደም ሥራቸው ይሰጣቸዋል። ለግማሾቹ ሐኪሙ አልጋው ድረስ መጥቶ «ኃይለኛ ማስታገሻ እየሰጠሁዎት ነው» ይላቸዋል። ለሌሎቹ ያንኑ መድኃኒት፣ በዚያው መጠን፣ መሣሪያ ሳይነግራቸው ይለቅባቸዋል። በስውር የተሰጣቸው ሰዎች ሕመም ያን ያህል አልቀነሰም፤ እኩል እፎይታ እንዲያገኙ የሚያስፈልጋቸው መጠንም ከፍ ያለ ሆነ። መድኃኒቱ ሳይለወጥ፣ ማወቅና አለማወቅ ብቻ ጉልበቱን ከፍ ዝቅ አደረገው።

በ2011 ኡልሪከ ቢንገልና ባልደረቦቿ ኦክስፎርድ ላይ ሠርተው ያሳተሙት ጥናት ነገሩን በቁጥር ያሳያል። 22 ጤነኛ ፈቃደኞች እግራቸው ላይ የሚያቃጥል ሙቀት ይሰጣቸውና ሕመሙን ከ0 እስከ 100 ይመዝኑታል። መድኃኒት ሳይኖር 66 አሉ። ረሚፈንታኒል የተባለው ብርቱ ማስታገሻ ሳይነገራቸው ሲገባ 55 ሆነ። ከዚያ መጠኑ ሳይቀየር «አሁን መድኃኒቱ ጀመረ» ተባሉ፤ ወደ 39 ወረደ። በመጨረሻ «መድኃኒቱ ቆሟል፣ ሕመሙ ሊጨምር ይችላል» ተባሉ፤ መድኃኒቱ በደም ሥራቸው እየወረደ ሳለ 64 አሉ። አንዲት ዓረፍተ ነገር የመድኃኒቱን ጉልበት እጥፍ አደረገችው፤ ሌላዋ ዓረፍተ ነገር እንዳልተሰጠ አደረገችው።

የቤኔዴቲ ቡድን በ2006 ያሳተመው ሥራ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ይህንኑ ይመሰክራል። የመርሳት በሽታ የያዛቸው አረጋውያን የፊተኛው የአንጎላቸው ክፍል ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት ሲላላ፣ በመጠበቅ የሚመጣው የማስታገሻ ድርሻ ይጠፋባቸዋል። መጠበቅ የማይችል አንጎል ከመድኃኒቱ የሚያገኘው መድኃኒቱን ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ አረጋውያንን የሚያስታምም ሰው ሌላውን የሚያስታግሰው መጠን እነሱን ላያስታግስ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

«በዚህ ዋጋ ምን ሊሠራልኝ ነው?» ላለችው ደንበኛዬም ጥናት አላት። በ2008 አሜሪካ ውስጥ 82 ፈቃደኞች እጃቸው ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየተሰጣቸው አዲስ ማስታገሻ ነው የተባለ ባዶ ኪኒን ዋጡ። ለግማሾቹ ዋጋው 2.50 ዶላር፣ ለግማሾቹ ደግሞ ወደ 10 ሳንቲም የወረደ ነው ተባለ። ውዱን ከዋጡት 85.4 በመቶ፣ ርካሹን ከዋጡት ደግሞ 61 በመቶ የሚሆኑት ሕመማችን ቀነሰ አሉ። የመርፌ ወዳጆቼም ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። የማይግሬን መድኃኒት የተፈተነባቸውን ጥናቶች አሰባስቦ በ2000 የታተመ ሥራ ፕላሴቦ ብቻ ያገኙትን ሰዎች ሲያነጻጽር፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ የተሻላቸው ባዶ ኪኒን ከዋጡት 25.7 በመቶ፣ ባዶ መርፌ ከተወጉት 32.4 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፤ ግን አለ።

አካል ያስታውሳል

ሁለተኛው ጉዳይ ልምድ ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ ደጋግሞ ኪኒን ውጦ ደጋግሞ ከተሻለው፣ የኪኒኑ መልክ፣ ምላስ ላይ ያለው ምረት፣ የውኃው ጉንጭ ሁሉ ከመሻል ጋር ይቆራኛል። በኋላ አካሉ ገና ኪኒኑን ሲያይ መልስ መስጠት ይጀምራል። ሽማግሌውን ሸማኔ ግማሽ ሰዓት ያስቀደማቸው ይህ ይመስለኛል፤ ፓራሲታሞል ከሳቸው ጋር የቆየ ወዳጅ ነው።

ይህ ትውስታ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ማርቲና አማንዚዮና ቤኔዴቲ በ1999 አሳይተዋል። አንዳንዶቹን ፈቃደኞች ሞርፊን፣ ሌሎቹን የዳይክሎፌናክ ዘመድ የሆነውን ኬቶሮላክ በተከታታይ ቀናት አለማመዷቸው። በሌላ ቀን ሳያውቁ የጨው ውኃ ተሰጣቸው። ሞርፊን የለመዱት ባዶውን ውኃ ሲወስዱ ያገኙት እፎይታ በናሎክሶን ጠፋ፤ ኬቶሮላክ የለመዱትን ግን ናሎክሶን አልነካቸውም። አካል መድኃኒቱ የሄደበትን መንገድ ለይቶ አስታውሶ በዚያው መንገድ ሄደ ማለት ነው።

ልምድ ግን ወደ ክፉም ያደላል። ሉአና ኮሎካና ቤኔዴቲ በ2006 እንዳሳዩት አስቀድሞ የሠራ ሕክምና ያየ ሰው ከፕላሴቦ ብዙ ያገኛል፤ አስቀድሞ ያልሠራ ሕክምና ያየ ሰው ጥቂት ያገኛል፤ ይህም ቀናት ቆይቶ ይታያል። ሁለቱ በ2009 ደግሞ ልምዱ የግድ የራስ መሆን እንደሌለበት አረጋገጡ። ሌላ ሰው ሲሻለው ቆሞ ያየ ሰው ራሱ የተሻለው ያህል ተጠቃሚ ሆነ። ይህን ሳነብ «ለጎረቤቴ የሠራላትን ያቺን ሮዝ ኪኒን ስጪኝ» የሚሉኝ እናቶች ትዝ አሉኝ። የመድኃኒቱን ስም አያውቁም፤ ቡና ላይ የጎረቤታቸው ወገብ ሲቃና ግን አይተዋል።

የሰጪው ፊት

ሦስተኛው ጉዳይ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ነው። የሃርቫርዱ ቴድ ካፕቸክና ባልደረቦቹ በ2008 ሆድ ቁርጠት የሚያስከትል የአንጀት ሕመም ያለባቸውን 262 ሰዎች በሦስት መደቡ። አንዱ ቡድን ተራ ጠባቂ ሆኖ ቆየ። ሁለተኛው ቆዳ የማይበሳ የይስሙላ አኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚደረግ ሕክምና) ብዙ ወሬ ሳይኖር ተደረገለት። ሦስተኛው ያንኑ የይስሙላ ሕክምና አገኘ፤ ባለሙያው ግን ቁጭ ብሎ አዳመጠው፣ ስለ ኑሮው ጠየቀው፣ ተስፋ የሚሰጥ ቃል ተናገረው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በቂ እፎይታ አገኘን ያሉት በቅደም ተከተል 28፣ 44 እና 62 በመቶ ሆኑ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የጨዋ ንግግር ዋጋ ነው።

አፍ ብቻ አይደለም፤ ፊትም ይናገራል። በ2019 ቶር ዌገር ከተሳተፈባቸው ጥናቶች አንዱ ተማሪዎችን ሐኪምና ሕመምተኛ አድርጎ አቧደነ። «ሐኪሞቹ» ሁለት ቅባት ተሰጣቸው፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። እነሱ ግን አንደኛው በርግጥ ማስታገሻ መሆኑን እንዲያምኑ አስቀድሞ ተደርጓል። ይህን ያመኑበትን ቅባት ሲቀቡ «ሕመምተኞቹ» ያነሰ ሕመም ተሰማቸው፤ ቆዳቸው ላይ የተለካው የጭንቀት ምልክትም ቀነሰ። እምነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈው በፊት ገጽታ እንደነበር የቪዲዮ ምስሉ አመለከተ።

ይህ ለኔ ቢጤው ከባድ ነገር ነው። ሰልፍ በበዛበት ሰዓት ዓይኔን ከማዘዣው ሳላነሳ የወረወርኩት ኪኒን፣ ሰውየውን ቀና ብዬ አይቼ ከሰጠሁት ኪኒን ያነሰ ሊሠራ ይችላል።

ቃል ሲያሳምም

መጠበቅ ሁለት ስለት አለው። «ሊያመኝ ነው» ብሎ የሚጠብቅ ሰው የበለጠ ያመዋል። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት 140 ወላድ እናቶችን ወገባቸው ላይ ማደንዘዣ ከመወጋታቸው በፊት በሁለት ቃል ተቀበላቸው። ለግማሾቹ «ቦታውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ምቾት ይሰማዎታል» ተባለ። ለግማሾቹ «አሁን እንደ ንብ ይነድፍዎታል፤ ከሁሉም የሚከፋው ይኸው ነው» ተባለ። መርፌው አንድ ነው። ሕመሙ ከ10 ሲመዘን የመጀመሪያዎቹ መካከለኛ ነጥብ 3፣ የሁለተኛዎቹ 5 ሆነ። የሚገርመው፣ «ንብ» ያለው ሰው ክፋት አላሰበም፤ እንዳይደነግጡ ማስጠንቀቁ ነበር።

ጎጂ ጎኑን ከሕመምተኛ መደበቅ ግን አይፈቀድም። ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የጨጓራ ታማሚው ይህን ሳያውቅ መውሰድ የለበትም። አነጋገሩን መምረጥ ግን ይቻላል። «ይሄ መድኃኒት ጨጓራ ይበላል» ማለትና «ምግብ በልተው ይውሰዱት፤ ሆድዎን ካቃጠለዎት ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ አቁመው ይምጡ» ማለት ሁለቱም እውነት ናቸው። ሁለተኛው ሰውየውን የሚያደርገውን ነግሮ ይሸኘዋል።

የማይደርስበት

አሁን ወደ ቢቸር 35 በመቶ ልመለስ። ቢቸር ፕላሴቦ ወስደው የተሻላቸውን ቆጠረ እንጂ ምንም ሳይወስዱ ይሻላቸው የነበሩትን አልቀነሰም። ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሰው ወደኔ የሚመጣው ደግሞ በጠናበት ቀን ስለሆነ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ መቅለሉ አይቀርም። በ2001 ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ህሮቢያርትሶንና ጎትሽ፣ ፕላሴቦን ምንም ካለመስጠት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ በአብዛኛው በሽታ ላይ የረባ ልዩነት አላገኙም። ሕመም ላይ ልዩነት አገኙ፤ እሱም ከ100 ነጥብ 6.5 ያህል ብቻ ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚታየው ትልቅ ቁጥር በየቀኑ ሕክምና ውስጥ እንዲሁ አይገኝም።

ከዚህ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን ከአስም ሕሙማን የመጣው ነው። በ2011 የታተመ ጥናት እውነተኛ የአስም መንፊያ፣ ባዶ መንፊያ፣ የይስሙላ አኩፓንክቸርና ምንም አለመስጠትን አነጻጸረ። ሕሙማኑ ሲጠየቁ ባዶው መንፊያም ከእውነተኛው እኩል እንደተሻላቸው ተናገሩ። ትንፋሻቸው በመሣሪያ ሲለካ ግን እውነተኛው መድኃኒት 20 በመቶ ሲያሻሽል ሌሎቹ ሁሉ 7 በመቶ አካባቢ ቀሩ። ስሜቱ ተሻለ፤ ሳንባው አልተከፈተም። ተሻለኝ ብሎ እውነተኛ መንፊያውን የተወ የአስም ታማሚ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ከደነዘዘ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ሌሊት ላብና ትኩሳት ካለው ወይም ያለምክንያት ከከሳ፣ ማስታገሻ አልሸጥለትም፤ ሐኪም ቤት እልከዋለሁ። የአከርካሪ ቲቢ በመልካም ቃል አይድንም። ከእንጦጦ ጠበል ሰንብተው የሚወርዱ ደንበኞችም አሉኝ። በእምነታቸው አልገባም፤ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ከጠበሉ ጎን ለጎን እንዲቀጥሉ።

ሳይዋሹ

ብዙ ሐኪሞችን ያስጨነቀ ጥያቄ ይቀራል፤ ፕላሴቦ የሚሠራው በማታለል ከሆነ ታማሚን ማታለል ይገባል? የካፕቸክ ቡድን ሳያታልል ሞከረው። ውጤቱ በ2016 የታተመው ሊዝበን ላይ የተሠራ ጥናት ለሦስት ሳምንት የዘለቀ ሲሆን፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 83 ሰዎች መዝኗል። ግማሾቹ የተለመደ ሕክምናቸውን ቀጠሉ፤ ሌሎቹ ከዚያ ላይ ጠርሙሱ ላይ «ፕላሴቦ» ተብሎ የተጻፈበት ባዶ ኪኒን ታከለላቸው። ምንም መድኃኒት እንደሌለበት፣ አካል ግን ኪኒን ሲውጥ በራሱ መልስ ሊሰጥ እንደሚችል ተነገራቸው። የእነሱ የዘወትር ሕመም 30 በመቶ ያህል ሲቀንስ የሌሎቹ 9 በመቶ ቀነሰ።

እኔ ባዶ ኪኒን አልሸጥም። ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት፣ እውነተኛውን መድኃኒት ስሰጥ ከጎኑ ያለውን ነገር እንዳላባክን ነው። ርካሹን ፓራሲታሞል ሳቀብል «የጀርመኑ አልቋል፣ እንግዲህ ይሄንኑ ይሞክሩት» አልልም፤ «ለራስ ምታት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሰማዎታል» እላለሁ፤ እውነትም ነው። ቤት ውስጥ የምታስታምሙም ማስታገሻውን ጭማቂ ውስጥ ደብቃችሁ አትስጡ። «እማማ፣ የሕመም መድኃኒትዎን ሰጠሁዎት፤ አሁን ያስታግስልዎታል» በሏቸው። ሳይነገራቸው ከወሰዱት መድኃኒቱ ከሚሰጣቸው እፎይታ ግማሹን ሊያጡ ይችላሉ።

መርፌ ጠያቂዎቼን በተመለከተ፣ ማስመለስ ወይም ሌላ ምክንያት ከሌለ ኪኒኑን እንዲወስዱ እሟገታለሁ። ቦታውን የሳተ መርፌ የመቀመጫ ነርቭ ይጎዳል፣ ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌ መግል ያቋጥራል፤ ለትንሽ የመጠበቅ ትርፍ ይህን መክፈል አያዋጣም። አንዳንዱ ይሰማኛል። አንዳንዱ ከፊት ለፊት ወዳለው መድኃኒት ቤት ይሻገራል። «ኃይለኛ ነው፣ የውጭ ነው» ብዬ አጋንኜ ብሸጥ ዛሬ አያመልጠኝም ነበር። ግን ያልሠራ ሕክምና ያየ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ከሚወስደው የሚያገኘው ያንሳል። ዛሬ ዋሽቼ የሸጥኩለት ሰው ሲነቃብኝ የሚከስረው እኔን ማመኑን ብቻ አይደለም፤ ነገ በእውነተኛ ሕመም ቀን የሚውጠው እውነተኛ መድኃኒትም ጉልበቱ ቀንሶ ይጠብቀዋል።